ስርዝ ድልዝ የማይፈራው ወረቀት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ አንዲት ሐረግ ያውቃል፤ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም»፡፡ በጨረታ ማስታወቂያ ግርጌ አለች፡፡ ቼክ ስትጽፉ አለች፡፡ ውል ስትፈራረሙ አለች፡፡ የአባታችሁን ስም ስትሞሉ አንዲት ፊደል ካመለጠቻችሁ መላ የለውም፤ ቅጹን ቀዳችሁ ሌላ ቅጽ መጠየቅ ነው፡፡

አሁን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ አስቡ፡፡ ከሃምሳ ዓመት ወዲህ አሉ የተባሉ መሐንዲሶች የደከሙለት አንድ የቢሮ ዕቃ አለ፡፡ የሚጻፍበት፣ የሚጠፋ፣ እንደገና የሚጻፍበት፣ ደግሞም የሚጠፋ ወረቀት! እኛ እንደ እሳት የምንሸሸውን ስርዝ ድልዝ እነሱ ላቦራቶሪ ከፍተው፣ ገንዘብ መድበው ፈለጉት፡፡ አንዳንዱን አግኝተውታልም፡፡

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እንግዲህ ቀላል ነው፡፡ ያ ወረቀት ካዛንቺስ መጥቶ ቢሮ ቢገባ ምን ይገጥመዋል? ለምን ካዛንቺስ ትሉ ይሆናል፡፡ ስሙ ራሱ የቢሮ ስም ስለሆነ ነዋ!

የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር

አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚያሠራ አንድ የጣሊያን ተቋም ነበር፡፡ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ብሔራዊ ተቋም» እንደማለት ነው፡፡ በጣሊያንኛ ምህጻሩ «ኢንቺስ» ይባላል፡፡ ቤቶቹ ደግሞ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፡፡ የአዲስ አበባ ሰው ጣሊያንን አስወጥቶ ስሙን አስቀረ፤ እንደ አፉ አድርጎ «ካዛንቺስ» አለው፡፡ ስለዚህ ካዛንቺስ ስንል ሳናውቀው «የቢሮ ሰው ቤት» ማለታችን ነው፡፡

ስሙም ዕጣ ፈንታ ሆነበት፡፡ በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ፡፡ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፡፡ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው እዚያው ነው፡፡ ለወረቀት ሠራተኞች በተሠራ ሰፈር አጠገብ፣ የአህጉሩ ሪፖርት፣ ረቂቅ፣ ቃለ ጉባዔና የውሳኔ ሐሳብ የሚመረትበት ትልቅ ግቢ በቀለ፡፡ በአንድ በኩል የዓለም ዲፕሎማቶች ፋይል፣ በሌላ በኩል የቀበሌ ቤት ፋይል፡፡ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ማለት ይሄ ነው፡፡

የ1967 ክረምት

ለታሪክ ወዳጆች አንድ የቀን ግጥምጥሞሽ ላሳያችሁ፡፡

ሰኔ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀን ተጽፎበት የወጣው የአሜሪካው «ቢዝነስ ዊክ» መጽሔት ስለ መጪው ዘመን ቢሮ አንድ ሰፊ ጽሑፍ ይዞ ነበር፡፡ በጽሑፉ ከተጠየቁት ሰዎች አንዱ ጆርጅ ፔክ ነው፤ የዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ኃላፊ፡፡ እንደ እሱ ግምት በሃያ ዓመት ውስጥ የቢሮ ሰው ሰነዱን ከመሳቢያ ሳይሆን ከጠረጴዛው ላይ ካለ ማያ እየጠራ ያነባል፤ የሚታተም ወረቀት ብዙም አያስፈልገውም፡፡ «ወረቀት አልባ ቢሮ» የሚባለው ሕልም ሲተረክ አብዛኛው ሰው ወደዚህ ጽሑፍ ነው የሚመለሰው፡፡

ከሃያ ስድስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፡፡ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፡፡ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆነ ቤቶች በየሰፈሩ ለተቋቋመው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ፣ ተሰጡ፡፡ በአንድ ክረምት የብዙ ሺህ ሰዎች ቤት ወደ ወረቀት ተለወጠ፡፡ እስከዚያ ድረስ «ቤቱ የእገሌ ነው» የሚለው ጎረቤት ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ፋይል ነው፤ የቤት ቁጥር፣ የኪራይ ደረሰኝ፣ የቤተሰብ ቅጽ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፡፡

እንግዲህ ተመልከቱ፡፡ ካሊፎርኒያ ላይ ወረቀት ሊቀር ነው ሲባል፣ ካዛንቺስ ላይ ወረቀት ቤት ሆነ፡፡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ዓለማት ስለ ወረቀት ሲያወሩ አንድ ቃል ይጠቀማሉ እንጂ ስለ አንድ ነገር አያወሩም፡፡ ለእነሱ ወረቀት ወሬ የሚሸከም ዕቃ ነው፤ ሌላ የሚሸከም ከተገኘ ይቀራል፡፡ ለእኛ ወረቀት ምስክር ነው፡፡ ምስክር ደግሞ እንዲሁ አይቀየርም፡፡

ነጭና ጥቁር እንክብሎች

በዚያው በፓሎ አልቶ ማዕከል ኒክ ሸሪደን የሚባል ተመራማሪ ነበር፡፡ በጊዜው ማዕከሉ «አልቶ» የተባለ ድንቅ ኮምፒዩተር ሠርቷል፤ ማያው ግን ደብዛዛ ነበር፡፡ ሸሪደን እንደ ወረቀት ከውጭ በሚመጣ ብርሃን የሚነበብ ማያ ፈለገ፡፡ መላው የሚገርም ነው፡፡ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎችን ወሰደ፤ ግማሽ ጎናቸው ነጭ፣ ግማሽ ጎናቸው ጥቁር፡፡ በስስ የፕላስቲክ ገጽ ውስጥ፣ በዘይት በተሞሉ ክፍተቶች አስቀመጣቸው፡፡ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲነካቸው ይገለበጣሉ፤ ነጭ ጎናቸው ወደ ላይ ከሆነ ገጹ ነጭ፣ ጥቁሩ ከሆነ ፊደል፡፡ ኃይሉ ሲቋረጥ ባሉበት ይቀራሉ፡፡ «ጋይሪኮን» አለው፡፡ ይህ ነው የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ ወረቀት፡፡

ዜሮክስ ግን ኑሮው ወረቀትን ማባዛት ነበርና ሥራው ለብዙ ዓመታት ተገፍቶ ቆየ፡፡ በኋላ ተነስቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ኩባንያ ቢወጣለትም በ2005 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፡፡ ዕድሉ የቀናው ለሌላው መንገድ ነው፡፡ በ1997 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ጃኮብሰንና ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የወጡ ባልደረቦቹ «ኢ ኢንክ» የተባለ ኩባንያ መሠረቱ፡፡ የእነሱ ወረቀት ውስጥ የሚገለበጥ እንክብል የለም፤ የፀጉር ውፍረት የሚያክሉ ከረጢቶች፣ በውስጣቸውም ነጭና ጥቁር የቀለም ብናኞች አሉ፡፡ የሚፈለገው ብናኝ ወደ ላይ ይሳባል፤ የማይፈለገው ይሰምጣል፡፡ ሶኒ በ2004 እ.ኤ.አ. በጃፓን፣ አማዞን በ2007 እ.ኤ.አ. በ«ኪንድል» ለገበያ ያቀረቡት ይህንን ነው፡፡

መብራት በፈረቃ ለምናውቅ ሰዎች የዚህ ወረቀት ትልቁ ነገር ይገባናል፡፡ ገጹ ኃይል የሚፈልገው ሲቀየር ብቻ ነው፡፡ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቀን በፈረቃ መብራት ስታገኝ፣ ኮምፒዩተሩ ድርግም ሲል ሥራውም ድርግም ይል ነበር፡፡ ኤሌክትሮኒክ ወረቀት ግን መብራት ጠፋ ብሎ ጽሑፉን አይጥልም፡፡ ለአገራችን ታስቦ የተሠራ ያስመስለዋል!

ሌላም ወገን ነበር፡፡ ማያ ሳይሆን እውነተኛ ወረቀት፣ ግን የሚጠፋ፡፡ ዜሮክስ በ2006 እ.ኤ.አ. በብርሃን የሚታተምበትና ከ16 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉ በራሱ የሚደበዝዝ ወረቀት አሳየ፡፡ ምክንያቱንም ተናገረ፤ በግምቱ በቢሮ ከሚታተሙ አምስት ገጾች ሁለቱ ለዕለት ሥራ ብቻ የሚፈለጉ ናቸው፡፡ ጠዋት ታትመው ማታ ቅርጫት ውስጥ ናቸው፡፡ ይህ ወረቀት ከላቦራቶሪ ወደ ገበያ አልወጣም፡፡ ቶሺባ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. በሙቀት የሚጠፋ ሰማያዊ ቶነር የሚጠቀም ማሽን ሸጠ፤ አንዱ ወረቀት በአማካይ አምስት ጊዜ ያገለግላል ተባለ፡፡

በዚሁ ዘመን በሙቀት የሚጠፋ ቀለም በእስክሪብቶም መጣ፡፡ ፓይለት የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ፍሪክሲዮን» ብሎ ሸጠው፡፡ ጫፉ ባለው ጎማ ስታሹት ጽሑፉ ይጠፋል፡፡ የሚገርመው ኩባንያው ራሱ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዚህ እስክሪብቶ ሕጋዊ ሰነድ አትፈርሙ ይላል፡፡ የጃፓን መሐንዲሶችም በመጨረሻ የእኛን መዝገብ ቤት ሐረግ ደረሱባት ማለት ነው፤ ስርዝ ድልዝ ተቀባይነት የለውም!

ሉሕና ብራና

የሚጠፋ ገጽ ለእኛ አገር አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፡፡ በወሎም ሆነ በሐረር በቁርኣን ቤት የተማረ ሰው ሉሕን ያውቃል፡፡ ከእንጨት የተጠረበ ሰሌዳ ነው፡፡ ልጁ በቀለም ይጽፍበታል፤ የጻፈውን በቃሉ እስኪይዝ ያነበንባል፤ ሲይዝ ሰሌዳውን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል፡፡ መብራት አይፈልግ፣ ቶነር አይፈልግ፡፡ አንድ ሰሌዳ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፡፡ እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሉሕ የሚታጠበው ጽሑፉ ሌላ ማደሪያ ስላገኘ ነው፡፡ በልጁ ራስ ውስጥ ገብቷል፡፡ ማደሪያ ሳያገኝ ቢታጠብ ትምህርቱ ጠፋ ማለት ነው፡፡

ብራናም ይፋቃል፡፡ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ የሚሠራ ገጽ በመሆኑ ቀለሙን በቢላ ፍቆ በላዩ መጻፍ ይቻላል፡፡ የድሮ መጻሕፍቶቻችንን የሚያጠኑ ሊቃውንት ደጋግመው የሚያገኙት ነገር አለ፤ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መሃል ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም ይተካል፡፡ መጽሐፉ እጅ በቀየረ ቁጥር ጸሎቱም ሰው ይቀይራል፡፡ ታዲያ የተፋቀው ቦታ ቆዳው ሳስቶ፣ ቀለሙ ፈዝዞ ይታያል፡፡ ብራና ያስረሳል እንጂ አይዋሽም፡፡

ታዲያ አባቶቻችን የማይፋቅ ነገር መጻፍ ሲፈልጉ ምን አደረጉ? ወንጌል ላይ ጻፉት! የቤተ ክርስቲያን ትልቁ የወንጌል መጽሐፍ፣ «የወርቅ ወንጌል» የሚባለው፣ በባዶ ገጾቹና በኅዳጉ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ ይመዘገብበት ነበር፡፡ በጎንደር ዘመን ደግሞ የመሬት ሽያጭና ስጦታ በየአድባራቱ መጻሕፍት እየገባ፣ የምስክሮችና የዋሶች ስም እየተዘረዘረ ይጻፍ እንደነበር የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ ሰነዶቹን መርምሮ ጽፏል፡፡

ቆዳው ያው ቆዳ ነው፡፡ ከሌላው ብራና ያነሰ አይፋቅም፡፡ ልዩነቱ ያለው መጽሐፉ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው፡፡ በብዙ ሰው ዓይን ሥር ነው፤ ከቤተ መቅደስ አይወጣም፤ ደፍሮ የሚፍቀው ሰው ከእግዜርም ከጎረቤትም ይጣላል፡፡ እንግዲህ የአገራችን የሰነድ ታሪክ የሚያስተምረን ይህንን ነው፡፡ እምነት የሚጣልበት ገጹ ራሱ ሳይሆን፣ ማንም በስውር ሊነካው የማይችለው መዝገብ ነው፡፡

ማኅተም፣ ግልባጭ፣ መዝገብ ቤት

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ከመካከላቸው አንዱ የጽሕፈት ሚኒስትር ነበር፡፡ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ፣ የንጉሡን ታሪክ የጻፉት፣ ይህን ሹመት ይዘዋል፡፡ ለ«መጻፍ» የተለየ ሚኒስቴር መኖሩ ዛሬ ሊያስቀን ይችላል፡፡ ግን ሥራው ቀላል አልነበረም፤ የንጉሡን ቃል ወደ ወረቀት መለወጥና ያ ወረቀት እውነት የንጉሡ መሆኑን በማኅተም ማረጋገጥ ነው፡፡ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋም፣ ወረቀት ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ከተማው ፈሰሰ፡፡ ኢንጂነር አያና ብሩም ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን ፊደሎቻችንን በጽሕፈት መኪና ለማስገባት ደከሙ፡፡ ታይፒስት፣ ካርቦን ወረቀት፣ ማባዣ ማሽን ተከታትለው መጡ፡፡

ከዚህ ሁሉ የተወለደው የኢትዮጵያ ደብዳቤ ነው፡፡ መልኩን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ልትስሉት ትችላላችሁ፡፡ በላይ በቀኝ ቁጥርና ቀን፡፡ መሃል ላይ «ጉዳዩ»፡፡ ከታች «ከሰላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ቲተር፣ በላያቸው ክብ ማኅተም፡፡ ከሁሉም ሥር ደግሞ «ግልባጭ»፣ የሚደርሳቸው ሁሉ ተዘርዝረው፡፡ ግልባጭ የሚላከው ሰው ሁሉ እንዲያነበው አይመስለኝም፡፡ ምስክር እንዲበዛ ነው፡፡ የጎንደሩ ሰነድ የምስክሮችን ስም እንደሚዘረዝር፣ የቢሮው ደብዳቤም መዝገብ ቤቶችን ይዘረዝራል፡፡ አንዱ ጋ ቢጠፋ ሌላው ጋ ይገኛል፤ አንዱ ቢፍቀው ሌላው ያጋልጠዋል፡፡

ችግሩ መዝገብ ቤቱም ሰው ነው፡፡ ከፍተኛው ፈረሰ፣ በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተማ መጣ፤ ቀበሌው በተራው ታጥፎ ወረዳ ሆነ፡፡ ፋይሉም በእያንዳንዱ ጊዜ ጓዙን ጠቅልሎ ቤት ቀየረ፡፡ «ፋይልሽ አልተገኘም» የሚለውን ቃል ሰምታ የማታውቅ የአዲስ አበባ እናት ትገኛለች? ለዚህ ነው በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ የሠላሳ ዓመት የኪራይ ደረሰኝ የሚቀመጠው፡፡ እናቶቻችን ወረቀት ስለሚወዱ አይደለም፡፡ የራሳቸውን ግልባጭ መያዛቸው ነው፡፡

የፎንት ዘመን

ኮምፒዩተር ሲገባ ወረቀት ይቀንሳል ተብሎ ነበር፡፡ በውጭውም ዓለም አልቀነሰም፡፡ አቢጌይል ሴለንና ሪቻርድ ሃርፐር «የወረቀት አልባ ቢሮ ተረት» እንደማለት ርዕስ በሰጡት መጽሐፋቸው፣ ኢሜይል የገባባቸው መሥሪያ ቤቶች የወረቀት ፍጆታ በአማካይ በ40 በመቶ እንደጨመረ ጽፈዋል፡፡ ሰው በማያ የመጣለትን አትሞ ያነባል፣ ያሰምርበታል፣ ጥግ ላይ ይጽፍበታል፡፡

በእኛ አገር ግን አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነበር፡፡ የዩኒኮድ መለያ የግዕዝን ፊደል ያስገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱም ቢሆን በየቢሮው ኮምፒዩተር እስኪለመድ ዓመታት ወሰደ፡፡ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው፡፡ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ክምር ይሆናል፡፡ በፍሎፒ የወሰዳችሁት ጽሑፍ እዚያ ስትደርሱ እንደማይነበብ እያወቃችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ታትማላችሁ! በየትኛውም ቢሮ ያለ ችግር «የሚከፈተው» ብቸኛ የአማርኛ ፋይል ወረቀት ነበር፡፡ ኤሌክትሮኒክ ወረቀትም ሲመጣ ከዚሁ አላመለጠም፤ የ2007ቱ የመጀመሪያ ኪንድል ፊደላችንን አያውቅም ነበር፡፡

ስለዚህ «የኛ ሰው ኋላ ቀር ነውና ወረቀት ይወዳል» የሚሉትን አትስሟቸው፡፡ ወረቀት የተመረጠው ስለሚሠራ ነው፡፡ ፎንት አይጠይቅም፣ ፈረቃ አይጠይቅም፣ «ሲስተም የለም» አይልም፡፡

ግቢው ውስጥ ያለው ዘዴ

እስቲ ወደ ካዛንቺሱ ግቢ እንመለስ፡፡ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. በሪዮ ከተካሄደው የዘላቂ ልማት ጉባዔ ጀምሮ ወረቀት ቆጣቢ የሚለውን የስብሰባ አሠራር አስፋፍቷል፡፡ ሰነዱ በማያ ይቀርባል፤ ለሚፈልግ ብቻ ይታተማል፡፡ በአዋጅ ሳይሆን በምርጫ፡፡

ለምን ቻሉ? ገንዘብ ስላላቸው ብቻ አይመስለኝም፡፡ ከኮምፒዩተር በፊት የጀመሩት አንድ ልማድ አላቸው፡፡ እያንዳንዱ ሰነድ መለያ ምልክት አለው፤ የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ሰነዶች «ኢ/ኢሲኤ» ብለው ይጀምራሉ፡፡ ሰነዱ ሲከለስ አሮጌው አይፋቅም፤ አዲሱ በምልክቱ ጫፍ ላይ «የተከለሰ 1» የሚል ይጨመርበታል፡፡ ስህተት ሲታረም «እርማት 1» የሚል ሌላ ሰነድ ይወጣል፡፡ ስርዝ ድልዝ ይፈቀዳል፤ ግን ስርዙ ራሱ ቁጥርና ቀን ኖሮት ይመዘገባል፡፡ እንግዲህ አምባሳደሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው ወረቀት ቢጠፋ፣ ቢታጠብ፣ ኤሌክትሮኒክ ቢሆን ማን ግድ አለው? የወርቅ ወንጌሉ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፡፡

ምስክሩ የት ይደር?

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ እንችላለን፡፡ የሚጠፋ ወረቀት ካዛንቺስ ቢመጣ ግማሹን ሥራ ዛሬውኑ ሊሠራ ይችላል፡፡ የስብሰባ አጀንዳ፣ ረቂቅ፣ የውስጥ ማስታወሻ፣ ለአለቃ እርማት የሚቀርብ ሪፖርት፣ እነዚህ ሁሉ ሉሕ ላይ መጻፍ ያለባቸው ነገሮች ናቸው፡፡ ለእነሱ ሪም ወረቀት መግዛት ኪሳራ ነው፡፡ የቀረው ግማሽ ግን፣ ውሉ፣ ካርታው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ገጽ በመቀየር ብቻ የሚፈታ አይደለም፡፡ መዝገቡ መታመን አለበት፡፡

ሕጉ በዚህ በኩል ተራምዷል፡፡ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም. ወጣ፡፡ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ተከተለ፤ አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አያጣም የሚለው መርሕ በእሱ ገባ፡፡ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ታወጀና ፋይዳ መጣ፡፡ በ2017 ዓ.ም. የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፡፡ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሳይሄዱ ጉዳይ መጨረስ ለእኛ ትውልድ ትልቅ ነገር ነው፡፡

በዚያው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ አብዛኛው የድሮ ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ፈረሰ፡፡ ነዋሪው ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደ፡፡ ጎረቤት ተበተነ፡፡ «አዎ፣ እዚህ ቤት ውስጥ አርባ ዓመት ኖራለች» ብሎ የሚመሰክር ሰው፣ ሊያሳይ የሚችለው ግድግዳ፣ የሚጠራው የቤት ቁጥር አንድ ላይ ጠፉ፡፡ የቀበሌ ቤት ተከራይ የኪራይ ውሉን፣ ባለይዞታው ካርታውን ይዞ ቀረ፡፡ ቤት ሲፈርስ መዝገብ ብቻ ነው ቤቱ እንደነበረ የሚናገር፡፡ በዚህ ጊዜ «መዝገቡ ምን ላይ ነው የተጻፈው?» የሚለው ጥያቄ የቴክኖሎጂ ወሬ መሆኑ ያበቃል፡፡

ብራና ሲፋቅ ቆዳው ይሳሳል፡፡ ወረቀት ሲደለዝ ይታያል፡፡ ማያ ግን፣ ኤሌክትሮኒክ ወረቀትም ቢሆን፣ ሲቀየር ጠባሳ የለውም፡፡ ትናንት «የእገሊት» የሚለው ዛሬ «የእገሌ» ቢል ገጹ ያው ንጹሕ ነው፡፡ ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ ተቀባይነት ያለው! የድሮዋ ሐረግ በአዲሱ ዘመን ትርጉሟ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው፡፡ ድሮ ስርዝ የሌለበት ሰነድ ታማኝ ነበር፡፡ አሁን ታማኝ የሚሆነው ስርዞቹን በሙሉ የሚያሳይ መዝገብ ነው፤ ማን ቀየረው፣ መቼ፣ ምን የነበረውን፣ በማን ትእዛዝ፡፡

ስለዚህ ወረቀት ይቅር የሚሉትን ደግፏቸው፤ እኔም እደግፋለሁ፡፡ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መስኮት ላይ ቆማችሁ «መረጃሽ ሲስተም ውስጥ ገብቷል፣ ወረቀቱ አያስፈልግም» ስትባሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፡፡ ቢቀየር የድሮው ይቀመጣል ወይ? መቀየሩንስ ለእኔ ይነግረኛል ወይ? ለሁለቱም «አዎ» ካሏችሁ ያን የቁም ሣጥን ፌስታል መጣል ትችላላችሁ፡፡ መልሱ እስኪመጣ ግን የእናታችሁን ደረሰኞች አትንኩ፡፡